ጆሴፍ ፓክስተንና የአማዞን የውሃ አበባ

የሐሩር አገር ተክልን በብርድ አገር፣ በቤት ውስጥ፣ በሕይወት ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ እንዲያብብ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ተክሉ ሞቅ ያለ ክፍል ካገኘና ሥሩ ካልደረቀ አረንጓዴ ቅጠሉን ይዞ ለብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። አበባ የሚሰጠው ግን ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ አፈሩና አየሩ በትውልድ አገሩ ከለመደው ጋር ሲቀራረቡለት ነው። ይህን ጉዳይ በትዕግሥት ከመረመሩትና በሥራ ከገለጡት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ከፍ ያለ ስፍራ ይይዛል።

የፓክስተን ስም ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሕንፃ ታሪክ ጋር ተያይዞ ነው፤ በ1851 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የቆመውን ታላቅ የመስተዋት አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስን፣ የነደፈው እሱ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ሰው በምሕንድስናም ሆነ በሕንፃ ንድፍ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። ለዚያ ሥራ ያበቃው በመስተዋት ጣሪያ ሥር ከሐሩር ተክሎች ጋር ያሳለፈው የ20 ዓመት አገልግሎት ነው። የሕይወት ታሪኩም ለሕንፃና ለምሕንድስና ባለሙያ ልዩ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆሴፍ ፓክስተን ኦገስት 3 ቀን 1803 ዓ.ም. በቤድፎርድሻየር አውራጃ ሚልተን ብራያን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛ ወንድ ልጅ ነበረ። ገና በልጅነቱ በባለጸጎች አትክልት ስፍራ ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ። በ1823 ዓ.ም. የለንደን የአትክልት ማኅበር በቺዝዊክ ባቋቋመው የአትክልት ስፍራ ሲገባ፣ በመዝገብ ላይ የተወለደበትን ዘመን 1801 ብሎ በማስመዝገብ ዕድሜውን በሁለት ዓመት ከፍ አደረገ። ቦታውን ለማግኘት የተናገራት ይህች ትንሽ ሐሰት እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ትወሳለች።

የቺዝዊክ መሬት የዴቮንሻየር መስፍን የዊልያም ካቨንዲሽ ርስት ነበረ። መስፍኑ በአትክልቱ ሲመላለሱ ይህን ትጉህ ወጣት ተመለከቱት፤ ንግግሩና አሠራሩም ደስ አሰኛቸው። በ1826 ዓ.ም. በደርቢሻየር በሚገኘው በታላቁ ርስታቸው በቻትስዎርዝ የዋና አትክልተኛነትን ሹመት ሰጡት። ያን ጊዜ ፓክስተን ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረ።

ወደ ቻትስዎርዝ የገባበት ቀን ራሱ ደጋግሞ የሚተርከው ታሪክ ሆኖለታል። ሜይ 9 ቀን ከሌሊቱ መጨረሻ ላይ ደርሶ በሩን ዝግ ቢያገኘው አጥሩን ተሻግሮ ገባ፤ ሰው ሳይነሣ ግቢውን ሁሉ ዞሮ ተመለከተ፤ ሠራተኞቹ ሲመጡም ሥራ አከፋፈላቸው፤ ፏፏቴዎቹን አስከፍቶ አየ። ከዚያም ከቤቱ እመቤት ሠራተኛና ከእኅቷ ልጅ ከሣራ ባውን ጋር ለቁርስ ቀረበ። ቁርሱ ሳያልቅ እሱና ሣራ ተዋደዱ፤ በዓመቱም ተጋቡ። ሣራ በኋላ ዘመን ባሏ በሥራ ምክንያት በሚርቅበት ጊዜ ሁሉ የአትክልቱን ሒሳብና የሠራተኛውን ጉዳይ የምታስተዳድር፣ ስለ ተክሎቹም ጤንነት በየጊዜው የምትጽፍለት ታማኝ ረዳቱ ሆናለች። የፓክስተን ሥራ ሲነገር የእሷ ድርሻ መዘንጋት የለበትም።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ባለጸጎች ከሐሩር አገሮች የሚመጡትን ኦርኪዶችና ሌሎች ባለ አበባ ተክሎች በታላቅ ዋጋ ይገዙ ነበረ። ነገር ግን ከሚገዙት መካከል ብዙው ይሞት ነበረ። ምክንያቱም የዘመኑ አትክልተኞች ከሐሩር አገር የመጣ ተክል ሁሉ አንድ ዓይነት ብርቱ ሙቀት እንደሚሻ ያምኑ ስለ ነበረ ነው። ተክሎቹን አየር በማይገባበት፣ በሚያፍን የመስተዋት ቤት ውስጥ አከማችተው ያነዱባቸዋል። ፓክስተን ግን ተክሉ የመጣበትን ስፍራ ጠንቅቆ መጠየቅን ልማዱ አደረገ። በሐሩር አገርም ቢሆን ከተራራ ላይ የተነቀለ ኦርኪድ ከቆላ ወንዝ ዳር እንደ መጣው አይደለም፤ የተራራው ተክል ቀዝቀዝ ያለ ሌሊትና የሚንቀሳቀስ አየር ለምዷል። ስለዚህ ተክሎቹን በሙቀት ፍላጎታቸው ለያይቶ በየቤታቸው አኖራቸው፤ መስኮቶችን አስከፈተ፤ አየሩ እንዳይደርቅም ወለሉንና መተላለፊያውን ውሃ አስረጨበት። ተክሎቹም በሕይወት ከመቆየት አልፈው ማበብ ጀመሩ።

ከነዚህ ሥራዎች አንዱ በዓለም ገበያ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ የሚታይ ፍሬ አስገኝቷል። ፓክስተን ከሞሪሸስ ደሴት የመጣ አጭር የሙዝ ተክል አግኝቶ፣ በቂ ውሃና ለም አፈር ሰጥቶ በመስተዋት ቤት ውስጥ ተከለው። ተክሉ በ1835 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አበበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከ100 በላይ ፍሬ ሰጠ። ይህ ሙዝ በመስፍኑ የቤተ ሰብ ስም ካቨንዲሽ ተባለ። ከቻትስዎርዝ የተወሰዱ ችግኞች በሚስዮናውያን እጅ እስከ ሳሞአ ደሴቶች ደረሱ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ በአብዛኛው የካቨንዲሽ ወገን ነው፤ በአገራችንም በአርባ ምንጭ አካባቢ ከሚለማው ሙዝ መካከል የዚሁ ወገን ይገኛል።

የቻትስዎርዝ የአበባ ፍቅር ግን የሰው ሕይወትም አስከፍሏል። በ1838 ዓ.ም. አዳዲስ ተክሎችን እንዲሰበስቡ ወደ ሰሜን አሜሪካ የተላኩት ሁለት ወጣት አትክልተኞች፣ ሮበርት ዋላስና ፒተር ባንክስ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ጀልባቸው ተገልብጦ ሰጠሙ። ከዚያ አስቀድሞ በ1835 ዓ.ም. ጆን ጊብሰን የሚባል ሌላ አትክልተኛ ወደ ህንድ ተልኮ ነበረ። ጊብሰን የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በፈለሰፋቸው ዝግ የመስተዋት ሣጥኖች ውስጥ ተክሎቹን አድርጎ በ1837 ዓ.ም. በደኅና ተመለሰ። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ከአፈሩ የሚተነው እርጥበት በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ወደ ሥሩ ስለሚወርድ፣ ተክሉ በረጅሙ የባሕር ጉዞ የጨው ነፋስ አያገኘውም፤ ውኃም አይጠማውም።

ጊብሰን ብዙ ኦርኪዶችን ቢያመጣም ዋናው የተላከበት ተክል በርማ አገር የሚበቅለው አምኸርስቲያ የተባለው ዛፍ ነበረ። ይህ ዛፍ ቀይ አበባው እንደ መቅረዝ ተንጠልጥሎ የሚወርድ፣ በውበቱ የታወቀ ነው። ፓክስተን በታላቅ ተስፋ ተቀብሎ ተከለው፤ ዓመታትም ተንከባከበው። ዛፉ ግን በእሱ እጅ አላበበም። በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበው በ1849 ዓ.ም. በኢሊንግ ፓርክ፣ ሉዊዛ ሎረንስ በተባለች ወይዘሮ የመስተዋት ቤት ነው። ለቻትስዎርዝ ይህ ቀላል ሽንፈት አልነበረም፤ ለዚህ አንድ ተክል ሲባል ሰው ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም ተልኮ ነበረና። ፓክስተን በሌላ አበባ የተሳካለት በዚያው በ1849 ዓ.ም. መሆኑ ደግሞ የሚያስገርም ነው።

ይህ አበባ በደቡብ አሜሪካ በአማዞን ወንዝና በአካባቢው ጸጥ ያሉ ውሃዎች ላይ የሚበቅለው፣ ያን ጊዜ በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ ሬጂያ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ቪክቶሪያ አማዞኒካ የሚባለው ታላቅ የውሃ አበባ ነው። ቅጠሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ እንደ ሰፌድ ከንፈር ወደ ላይ የታጠፈ፣ ስፋቱም ከ2 ሜትር የሚበልጥ ነው። አበባው የሚከፈተው ሲመሽ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ሆኖ የአናናስ የመሰለ ሽታ ይሰጣል፤ ሙቀትም ያመነጫል። በዚህ ተስበው የገቡትን ጢንዚዛዎች ሲነጋ ተዘግቶ ውስጡ ያስቀራቸዋል። በሁለተኛው ምሽት ሐምራዊ ቀይ ሆኖ ዳግመኛ ሲከፈት ጢንዚዛዎቹ የአበባውን ብናኝ ተሸክመው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አበባው ወደ ውሃው ይሰጥማል።

አውሮፓውያን ይህን ተክል ካዩት ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም በአገራቸው ሊያበቅሉት አልቻሉም ነበረ። ዘሩ ሲደርቅ የሚሞት በመሆኑ በረጅሙ ጉዞ ይጠፋ ነበረ። በ1849 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ንጹሕ ውሃ በያዙ ብልቃጦች የመጣ ዘር ለንደን አጠገብ በሚገኘው በኪው የመንግሥት የአትክልት ስፍራ በቀለ። ችግኞቹ ቢወጡም እድገታቸው እንደታሰበው አልሆነም። የኪው ኃላፊ ሰር ዊልያም ሁከር ከችግኞቹ አንዱን ለፓክስተን ሰጡት። በኦገስት ወር መጀመሪያ ላይ ፓክስተን ራሱ ሄዶ ተክሉን በሣጥን ተቀብሎ በባቡር ወደ ቻትስዎርዝ ወሰደው። ያን ጊዜ ተክሉ ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ነበሩት፤ ትልቁም ቅጠል ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር አይሞላም ነበረ።

ፓክስተን በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ተክሉ በትውልድ ስፍራው ምን እንዳለው መዘርዘር ነው። በአማዞን ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ቀስ እያለም ይንቀሳቀሳል፤ ጭቃው ለም ነው፤ ብርሃኑም ያለ ከልካይ ይወርዳል። ፓክስተን ጎኑ 3.7 ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ገንዳ አሠራ። በመካከሉ ለም አፈር ከምሮ በአፈሩ ሥር የሙቅ ውሃ ቧንቧ አሳለፈበት። የገንዳው ውሃ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲቆይ አደረገ። ውሃው ረግቶ እንዳይበላሽም ትንንሽ መንኮራኩሮች አስገብቶ ሌት ተቀን በዝግታ እንዲያንቀሳቅሱት አደረገ። ከሌሎች ሰዎች ሙከራ የእሱን የለየችው ይህች ጥንቃቄ ናት፤ ውሃውን ከማሞቅ በላይ የወንዙን እንቅስቃሴ ጭምር ወደ ቤት አስገባ።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። ቅጠሎቹ በሁለት ወር ሳይሞላ ከአንድ ሜትር በላይ ሆኑ፤ ገንዳውም ጠበባቸው። ፓክስተን ተክሉን በገንዳው ልክ ሊወስነው አልሞከረም፤ ገንዳውን አስፈርሶ አሰፋው። የመከር ጭጋግና አጭሩ ቀን እየመጣ ስለ ነበረ የብርሃኑ ነገር ያሳስበው ነበረ፤ ተክሉ ሳያብብ ክረምት ቢገባ የዓመቱ ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በኖቬምበር መጀመሪያ እንቡጥ ታየ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የቪክቶሪያ አበባ በአውሮፓ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። ፓክስተን አንድ አበባና አንድ ቅጠል ይዞ ወደ ዊንድሰር በመሄድ ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከተ። በኪው የቀሩት ተክሎች ያበቡት በሚቀጥለው በ1850 ዓ.ም. ነበረ።

በዚያው ወር አንድ ሌላ ነገር ተሞከረ። የቅጠሉን ጥንካሬ ለማወቅ ፓክስተን ትንሿን ልጁን አኒን፣ ክብደቷ በእኩል እንዲያርፍ ከእግሯ ሥር ክዳን አንጥፎ፣ በቅጠሉ ላይ አቆማት። ቅጠሉ አልሰጠመም። ሥዕሏም በለንደን ጋዜጣ ወጥቶ ሕዝቡን አስደነቀ። ፓክስተን ግን ቅጠሉን ገልብጦ ከሥሩ ተመለከተው። ከመካከሉ ወደ ጠርዙ የሚወጡ ወፍራም አጥንቶች አሉት፤ እነዚህንም ቀጫጭን አጥንቶች አግድም ያያይዟቸዋል፤ በመካከላቸው የተወጠረው የቅጠሉ ሥጋ ግን ስስ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው የአጥንቶቹ መረብ ነው።

ይህ ነገር ለፓክስተን ፍጹም አዲስ አልነበረም። ከ1836 እስከ 1840 ዓ.ም. በቻትስዎርዝ ከአርክቴክቱ ከዴሲመስ በርተን ጋር ታላቁን የመስተዋት ቤት ሠርቶ ነበረ። የቤቱ ርዝመት 84 ሜትር፣ ወርዱ 37 ሜትር፣ ከፍታው 20 ሜትር ያህል ነበረ። ስምንት የውሃ ማፍያ ጋኖችና 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ያሞቁት ነበረ። ጣሪያው እንደ ታረሰ መሬት ትልምና ቦይ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህን ዓይነት ጣሪያ አስቀድሞ ያሰበው ጆን ክላውዲየስ ላውደን ቢሆንም፣ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው ፓክስተን ነው። ጣሪያው እንዲህ ሲሆን የጥዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመጣ ብርሃኗ በቀጥታ ይገባል፤ በቀትር ግን ጨረሩ በግድም ስለሚያርፍ ቅጠል አያቃጥልም። ለተክል የታሰበ ጣሪያ ነበረ።

ለአማዞኑ አበባ ሰፋ ያለ ቤት ባስፈለገ ጊዜ ፓክስተን በ1849ና በ1850 ዓ.ም. መካከል አዲስ የአበባ ቤት አቆመ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ባለ ትልምና ቦይ ነበረ። ከብረት የተሠሩት ዐምዶች ውስጣቸው ክፍት በመሆኑ የጣሪያውን የዝናብ ውሃ ያወርዱ ነበረ። በመስተዋቱ ላይ የሚፈጠረው ጤዛ ወርዶ ተክል እንዳያበላሽ የእንጨቱ ቦይ በውጭ ዝናቡን፣ በውስጥ ጤዛውን እንዲወስድ ተደርጎ ተፈለፈለ። ይህ ሁሉ ለአንድ ተክል ጤንነት የተደረገ ጥንቃቄ ነበረ፤ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በዚያው በ1850 ዓ.ም. ለዓለም አቀፍ የኢንዱስትሪ ትርኢት በለንደን ሃይድ ፓርክ አዳራሽ ሊሠራ ታቀደ። 245 ንድፎች ቀርበው አንዱም አልተመረጠም። ኮሚቴው ራሱ ያወጣው የጡብ ሕንፃ ንድፍም ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሕንፃው ጊዜያዊ መሆን ሲገባው ይህን ያህል ጡብ በአጭር ጊዜ ገንብቶ መልሶ ማፍረስ የማይታሰብ ነበረ። ጁን 11 ቀን ፓክስተን በደርቢ ከተማ በአንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሳለ በቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ አንድ ንድፍ ጫረ። ንድፉ የአበባው ቤት ነበረ፤ ልዩነቱ መጠኑ እጅግ መግዘፉ ነው። ከአንድ ሳምንት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ሙሉው ሥዕል ተዘጋጀ። በስሌቱ የባቡር ኩባንያው መሐንዲስ ዊልያም ባርሎ ረዳው፤ ዝርዝሩን አውጥቶ የገነባው ደግሞ የፎክስና ሄንደርሰን ድርጅት ነው። ስለዚህ ሕንፃው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም።

ክሪስታል ፓላስ 563 ሜትር ርዝመትና 124 ሜትር ወርድ ነበረው። ወደ 300,000 የሚጠጉ የመስተዋት ሉሆች ፈጀ። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ልክ በፋብሪካ ተሠርተው በስፍራው የሚገጣጠሙ በመሆናቸው ግንባታው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አለቀ። በሜዳው የነበሩት ትልልቅ ዛፎች እንዳይቆረጡ በመካከሉ ከፍ ያለ ቅስት ተሠርቶ ዛፎቹ ከነሕይወታቸው በውስጥ ቀሩ። ሜይ 1 ቀን 1851 ዓ.ም. ተከፍቶ ከ6 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጎበኘ። ፓክስተን በዚያው ዓመት የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከመከፈቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሕንፃው በሰጠው ገለጻ የቪክቶሪያን ቅጠል ይዞ ቀርቦ፣ የመሸከሚያውን ዘዴ ተፈጥሮ አስቀድማ እንዳሳየችው አስረድቷል። እርግጥ ሕንፃው የቅጠሉ ቅጂ አይደለም፤ የብዙ ዓመት የመስተዋት ቤት ልምድ ፍሬ ነው። ነገር ግን ለዚያ አበባ ቤት መሥራት ባያስፈልግ ኖሮ፣ ፓክስተን ያን ቀን በወረቀቱ ላይ የሚጭረው የተፈተነ ሥራ በእጁ አይኖረውም ነበረ።

ከዚህ በኋላ ፓክስተን የፓርላማ አባል ሆነ፤ ክሪስታል ፓላስንም በሲደንሃም በሰፋ መልክ እንደገና አቆመው። መስፍኑ በ1858 ዓ.ም. ሲሞቱ የቻትስዎርዝን ሥራ ተወ። እሱም ጁን 8 ቀን 1865 ዓ.ም. ዐርፎ በቻትስዎርዝ ርስት በኤደንሰር መንደር ተቀበረ።

ካቆማቸው ታላላቅ የመስተዋት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ታላቁ የመስተዋት ቤት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የድንጋይ ከሰል ስላጣ ተክሎቹ በብርድ አለቁ፤ ቤቱም በ1920 ዓ.ም. ፈረሰ። ክሪስታል ፓላስ ኖቬምበር 30 ቀን 1936 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። የእንክብካቤው ሥርዓት ግን ሳይፈርስ ቆይቷል። ዛሬ በየቤቱና በየቢሮው መስኮት አጠገብ የሐሩር አበባ የሚያሳድግ ሰው፣ ተክሉ ከወየትኛው አገር እንደመጣ ቢጠይቅ፣ ሙቀቱን እንጂ አየሩንና ብርሃኑን አለመርሳቱን ቢመረምር፣ ማሰሮው ሲጠበውም ሰፊ ቢያዘጋጅለት፣ ፓክስተን በ1849 ዓ.ም. በዚያች ገንዳ ዳር ያደረገውን ያደርጋል። ለግንባታ ባለሙያም ትምህርቱ ይኸው ነው። ቤቱን ከመንደፉ በፊት ፓክስተን በውስጡ የሚኖረው ምን እንደሚሻ ያጠና ነበረ፤ ነዋሪው ሲያድግም ቤቱን ለማስፋት አያመነታም ነበረ።